ስም የነጠቀው ዛላ

ኅዳር ሲጋመስ ወደ መርካቶ በርበሬ ተራ የሚዘልቅ ሰው ገበያውን ከማየቱ በፊት ያስነጥሰዋል። ጆንያው አፉን ከፍቶ ተደርድሯል፤ ወዛደሩ አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ያራግፋል፤ አቧራው ሳይቀር ቀይ ነው። አንዲት እናት ከአንዱ ጆንያ ፊት ይቆማሉ። ከላይ ያማረውን ትተው እጃቸውን ወደ መሐሉ ሰደድ ያደርጉና አንድ ዛላ ይመዛሉ። ወደ ብርሃን አዙረው ያዩታል፤ ያጥፉታል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተለመጠ ግን በበርበሬ ዋጋ ውሃ ሊገዙ ነው። ስባሪውን ከፍተው ውስጡን ይመረምራሉ። ፍሬው ቢጫ ነው ወይስ ጠቁሯል? ሻጋታ ይዞታል? ልጣጩ ሥጋ አለው ወይስ እንደ ወረቀት ሳስቷል? በመጨረሻ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል።

«የየት ነው?»

«የማረቆ ነው፣ እናቴ።»

«የማረቆ ከሆነ ምነው ቀጠነ?»

ነጋዴው ይስቅና ወደ ሌላ ጆንያ ይመራቸዋል።

ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የበርበሬን ዝርያ የሚያጠና የእርሻ ተመራማሪ የሚለካውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ የዛላው ርዝመትና ስፋት፣ የልጣጩ ውፍረት፣ የፍሬው ብዛት፣ የቀለሙ ጥልቀት፣ የማቃጠሉ ኃይል። እሱ በማስመሪያ፣ በሚዛንና በላቦራቶሪ ይለካል፤ እሳቸው በጣታቸው። የኢትዮጵያ በርበሬ የዛሬ መልኩን የያዘው ደግሞ ላቦራቶሪ ሳይታሰብ በፊት፣ በእንዲህ ያሉ ጣቶች ምርጫ ነው።

ነገሩን የሚያስገርመው ዛላው ባዕድ መሆኑ ነው። ሳይንቲስቶች ካፕሲከም የሚሉት የበርበሬ ወገን አገሩ አሜሪካ ነው። በዛሬዋ ሜክሲኮ የነበሩ ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የዱሩን በርበሬ አላምደው ከበቆሎና ከዱባ ጋር ያለሙት ነበር። ኮሎምበስ በ1492 ባሕር ሲያቋርጥ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ የሕንድ ቁንዶ በርበሬ ነበር፤ በካሪቢያን ደሴቶች ያገኘው ግን የአገሬው ሰው «አሂ» የሚለውን ቀይ ፍሬ ነው። በጥር 1493 በማስታወሻው ላይ ይህንኑ አስፍሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ አክሱም ስትነግሥ፣ ላሊበላ ሲታነጽ፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ሲቀመጡ፣ ዛሬ ያለሱ ወጥ የማይታሰበው ዛላ በዚህ ምድር አልነበረም።

ይህ ማለት ግን የዚያ ዘመን ማዕድ ሁሉ ለዛ ቢስ ነበር ማለት አይደለም። አገሩ የራሱ አቃጣይ ነበረው። ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የሚለቀም ጥምዝ ነበር፤ ኮረሪማ ነበር፤ ሰናፍጭና ፌጦ ነበሩ። ከባሕር ማዶም ቅመም ይመጣ ነበር። የሕንድ ቁንዶ በርበሬ የቀይ ባሕር ንግድ ዋና ሸቀጥ ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል፤ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስም ስለዚህ ተክል ጽፏል። ዳርፍልፍል የሚለው የቅመም ስም እስከ ዛሬ የዐረብኛ ልብሱን አላወለቀም፤ «ፍልፍል» በዐረብኛ ቁንዶ በርበሬ ነው።

እዚህ ላይ ስሙ ራሱ ታሪክ ይናገራል። «በርበሬ» የሚለው ቃል ቁንዶ በርበሬ በጥንት ግሪክ ይጠራበት ከነበረው «ፔፔሪ» ከሚለው ስም ጋር ይያያዛል። አሜሪካዊው እንግዳ ሲመጣ ይህን ስም ወረሰ። በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ ስፔናውያን ቁንዶ በርበሬን «ፒሚየንታ» ሲሉ አዲሱን «ፒሚየንቶ» አሉት፣ የሃንጋሪዎቹ «ፓፕሪካ»ም ከዚያው ከአሮጌው ስም የተቀጠለ ነው። አማርኛ ግን ከሁሉም ገፋ አድርጎ ሄደ። እንግዳው ስሙን ጠቅልሎ ሲወስድ የስሙ ባለቤት የነበረው ቅመም ቅጽል ተለጥፎበት «ቁንዶ በርበሬ» ሆኖ ቀረ። ዛሬ አንድ ሰው «በርበሬ ስጡኝ» ብሎ ባለሱቁ ጥቁሯን ቅንጣት ቢያወጣለት ግር ይለዋል።

እንግዳው በየት በር ገባ? ሁለት በሮች ይጠቀሳሉ። አንዱ የፖርቱጋሎች ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሕንድ ደርሷል፤ ጎዋ በ1510 በፖርቱጋሎች እጅ ወድቃለች፤ አባ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያሉበት መልእክተኛ ቡድን በ1520 በምጽዋ በኩል ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቷል፤ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ ወርዷል። የአሜሪካ ሰብሎችን በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያዳረሱት በዋናነት የእነዚሁ ሰዎች መርከቦች ናቸው። ሁለተኛው በር የቀይ ባሕር ነጋዴዎች ነው፤ ጉጅራቶች፣ የመናውያን፣ በ1557 ምጽዋን የያዙት ቱርኮች። የመን ውስጥ ይህ ተክል «ቢስባስ» ይባላል፤ በሶማልኛ «ባስባስ»። በኦሮምኛ «በርበሬ»፣ በትግርኛ «በርበረ»። ስሞቹ ሲደረደሩ ዛላው ወደ ቀንዱ ምድር በአንድ መንገድ ብቻ እንዳልመጣ ይጠቁማሉ።

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግድነቱ አብቅቷል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገብቶ በጎንደር ቤተ መንግሥት ኖሯል፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጥሬ ሥጋ ግብዣ ሲጽፍ በጤፍ እንጀራ ተጠቅልሎ የሚበላው ሥጋ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ወይም ቀዩ በርበሬ በደንብ እንደሚነሰነስበት ይናገራል። አሮጌውና አዲሱ አቃጣይ በአንድ ገበታ ላይ ቀርበዋል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የበላተኛው ፈንታ ነበር። በ1887 እቴጌ ጣይቱ ለእንጦጦ ማርያም ምርቃት ባሰናዱት ታላቅ ግብር ጊዜ ግን ምርጫው አብቅቷል፤ ወጥ ቤቱን የሚገዛው ቀዩ ሆኗል።

ለምን እሱ አሸነፈ? አንደኛው ምክንያት ዋጋው ነው። ቁንዶ በርበሬ ከባሕር ማዶ በግመልና በበቅሎ የሚመጣ፣ በወቄት የሚለካ ውድ ነገር ነበር፤ ይኸኛው ግን በጓሮ ይበቅላል፣ ዘሩም በየዛላው ውስጥ በነጻ ይገኛል። ሁለተኛው ጾሙ ነው። ሥጋና ቅቤ በሌለበት ረጅም ወራት ሽሮንና ምስርን ወጥ የሚያሰኛቸው በርበሬው ነው። ወጥ ቤቱም ከዚያ በኋላ ለሁለት ተከፈለ፤ አልጫና ቀይ። ቋንቋውም ተከተለው፤ የተናደደ ሰው ዓይን «በርበሬ መሰለ» ይባላል፤ ያጠፋ ልጅም በበርበሬ ጭስ የሚታጠንበት ዘመን ነበር።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘር አብዛኛውን ጊዜ እፍኝ ነው። ከብዙ ሺህ ዓይነት መሐል ጥቂቱ ብቻ መርከብ ላይ ስለሚወጣ አዲሱ አገር የሚነሣው ከጠባብ መሠረት ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ዓይነት ከየት መጣ? ረጅምና ቀጭን አለ፤ አጭርና ሰፊ አለ፤ ትከሻው የጎበጠ፣ ጫፉ የሾለ፣ ጫፉ የደፈነ አለ፤ ሲበስል ደም የመሰለ አለ፣ ወደ ቡናማ የሚጠቁርም አለ።

አንዱ መልስ አበባው ነው። በርበሬ በራሱ ዱቄት ራሱን ማዳቀል የሚችል ተክል ነው፤ ነገር ግን ንብ ከአበባ ወደ አበባ ስትዘዋወር የጎረቤቱን ዱቄት ታመጣለታለች። ከገበሬ ወደ ገበሬ አጥር ብቻ በሚለይበት አገር የአንዱ ማሳ ረጅም ዛላ ከሌላው ሰፊ ዛላ ጋር ሳይፈቀድለት ይጋባል። በቀጣዩ ዓመት ከአንድ መደብ የፈላ ችግኝ አሥር ዓይነት ፍሬ ይሰጣል። ሁለተኛው መልስ መሬቱ ነው። ከስምጥ ሸለቆው ሙቀት እስከ ጎጃም ወይና ደጋ ድረስ ዝናቡ፣ አፈሩና ቅዝቃዜው ይለያያል፤ አንዱ ቦታ የሚጠወልገው በሌላው ይፋፋል። ሦስተኛውና ዋናው የሰው እጅ ነው፤ ከአሥሩ ዓይነት የትኛው ለዘር እንደሚቀር የሚወስን ሰው አለ።

ያ እጅ ምን ይፈልግ ነበር? መልሱ ያለው ድስቱ ውስጥ ነው። በብዙ የዓለም ማዕዘን አቃጣይ በርበሬ በቁንጥጫ የሚጨመር ማጣፈጫ ነው፤ የኢትዮጵያ ባለሙያ ሴት ግን በማንኪያ እየሰፈረች፣ ለድግስ ሲሆን በጣሳ፣ ከሽንኩርቱ ጋር ታቁላላዋለች። በርበሬው የወጡ ቅመም ብቻ ሳይሆን ሥጋው ነው። ስለዚህ ልጣጩ መወፈር አለበት፣ አለዚያ ዱቄት አይወጣውም። ቀለሙ ጥልቅ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ እሳት ላይ ይቆያል። የዛላው ቀይ ቀለም የሚሟሟው በውሃ ሳይሆን በስብ ነው፤ ወጥ ሲበስል ከላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ቅቤ ወይም ዘይት የዚህ ምስክር ነው። ማቃጠሉ ደግሞ ልኩን የያዘ ይሁን፤ በጣም ካቃጠለ በጣሳ አይጨመርም፣ ካላቃጠለ በርበሬ አይባልም። ወፍራም ልጣጭ፣ ጥልቅ ቀለም፣ መጠነኛ ቃጠሎ፦ ገበሬውም ገዢዋም ለብዙ ትውልድ ሲመርጡ የኖሩት ይህንን ነው።

ሚጥሚጣ በሌላ መንገድ ሄዷል። እሷ በቁንጥጫ፣ ለክትፎና ለጥሬ ሥጋ የምትነሰነስ ናት፤ ስለዚህ ልጣጭም ቀለምም አልተጠየቀችም፤ የተጠየቀችው እሳት ብቻ ነው። ተመራማሪዎችም ብዙውን ጊዜ ከዋናው በርበሬ ለይተው ካፕሲከም ፍሩተሰንስ በሚባለው ዝርያ ይመድቧታል። ፍሬዋ ትንሽ ነች፤ ወደ ታች አትንጠለጠልም፣ ጫፏን ወደ ሰማይ ቀስራ ትቆማለች። ይህ የዱር ዘመዶቿ ጠባይ ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ አጥቢ እንስሳትን ሲያባርር ወፎች ግን አይሰማቸውም። አይጥ ፍሬውን አኝኮ ዘሩን ያጠፋዋል፤ ወፍ ውጣ ርቃ ትዘራዋለች። ሽቅብ የቆመ ቀይ ፍሬ ለወፍ የተላከ ግብዣ ነው።

ስለ ቃጠሎው በወጥ ቤት የሚነገረው አንድ ነገር ግን ይስተካከል። የሚያቃጥለው ፍሬው ነው ብለው ፍሬውን የሚያራግፉ ብዙዎች ናቸው። ካፕሳይሲን የሚመነጨው ፍሬው የተጣበቀበት ነጭ ጅማት ላይ ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው ከዚያ ስለሚነካካ ነው። አሜሪካዊው ዊልበር ስኮቪል በ1912 ቃጠሎን በቁጥር ለመለካት ሲነሣ የተጠቀመው በሰው ምላስ ነበር፤ የበርበሬውን ጭማቂ በስኳር ውሃ እያቀጠነ ማቃጠሉ እስኪጠፋ ያስቀምስ ነበር። ወደ ቡናማ የሚጠቁረው ዛላ ምስጢርም ቀላል ነው። አብዛኛው በርበሬ ሲበስል አረንጓዴው ቀለም ፈርሶ ቀዩ ይተካዋል፤ በአንዳንዱ ዘር ግን አረንጓዴው ሳይፈርስ ቀዩ ይደረብበታል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ቡናማ ይሆናሉ። ይህን ጥቁረት ሌላ አገር እንደ እንከን ሊያየው ይችላል፤ የኢትዮጵያ ገዢ ግን ወጡን የሚያጠቁር ብሎ ወዶታል።

ገበያውም እነዚህን ልዩነቶች በአገር ስም ይመዘግባቸዋል። የማረቆ፣ የሀላባ፣ የስልጤ፣ የቡሬ፣ የወንበርማ፣ የባኮ። ማረቆ በምሥራቅ ጉራጌ፣ ቆሼ ከተማን የያዘው ሜዳ ነው፤ ሰፊና ጥቁር ቀይ ዛላው ለአገሩ ሁሉ የጥራት መለኪያ ሆኗል። የሀላባ ቁሊቶ ገበያ ከስምጥ ሸለቆ ሲመግብ፣ በምዕራብ ጎጃም ቡሬና ወንበርማ የሰሜኑን ገበያ ያጥለቀልቃሉ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወለጋ መንገድ ላይ ባኮ የራሷን ዛላ ይዛ ቆማለች።

የመንግሥት ምርምር ወደ በርበሬው ፊቱን ሲያዞር ሥራው ከዜሮ አልጀመረም። በ1970ዎቹ ከወጡት ቀዳሚ ዝርያዎች የሁለቱ ስም ራሱ ይመሰክራል፦ «ማረቆ ፋና» እና «ባኮ ሎካል»። ሁለቱም ከውጭ የመጡ ሳይሆኑ ገበሬው ሲመርጣቸው ከኖሩት መሐል የተነጠሉ ናቸው። ማረቆ ፋና በቀለሙ ምክንያት ከዛላ ቀለምና ቃጠሎ ጨምቆ ወደ ውጭ ለሚልከው ኢንዱስትሪም ተፈላጊ ሆነ። በኋላ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል «መልካ» የሚል ቅድመ ቅጥያ የያዙ ዝርያዎችን አወጣ፤ መልካ ዛላ፣ መልካ አዋዜ፣ መልካ ሾጤ። የአዋዜው ስም ከወጥ ቤት መወሰዱ ያስፈግጋል።

በዚያው ዘመን ሌላ ሥራም ተጀመረ። በ1976 በኢትዮጵያና በጀርመን ስምምነት የዕፀዋት ዘር ሀብት ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው የዚያ ወራሽ ነው። ማዕከሉን ከ1979 ጀምሮ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም መጠበቅ አለበት ብለው የሠሩ ሰው ናቸው፤ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። ለበርበሬ ይህ ሐሳብ በተለይ ይሠራል። ቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠ ዘር ያለበትን እንደያዘ ይተኛል፤ ማሳ ላይ ያለው ግን በየዓመቱ ከንብ፣ ከዝናብ፣ ከበሽታና ከገዢ ጣት ጋር ይገናኛል።

በሽታው ቀልድ አይደለም። ሥሩን አበስብሶ ተክሉን በአንድ ሳምንት የሚያጠወልግ ፈንገስ፣ ቅጠሉን የሚያዥጎረጉርና የሚያኮማትር ቫይረስ በስምጥ ሸለቆ ዳርቻ ያሉትን አሮጌ የበርበሬ ወረዳዎች ደጋግመው ጎድተዋል። አንድ ዓይነት ዘር ብቻ የተዘራበት ማሳ ሲመታ አብሮ ይመታል፤ ድብልቅልቁ ማሳ ውስጥ ግን አንዳንዱ ቆሞ ይቀራል። አንድ ወጥ ዛላ የሚፈልገው ፋብሪካና ድብልቁን የሚፈልገው ጥንቃቄ የተጋጩት እዚህ ላይ ነው።

ከጎተራው በኋላ ያለው ጉዞም ዛላውን ይፈትነዋል። መሬት ላይ ተሰጥቶ በእርጥበት የሻገተ በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት ይህን መርዝ በኪሎ ግራም ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ አያስገባም። የተፈጨው ላይ ደግሞ ቀይ አፈር ወይም የጡብ ዱቄት ቀላቅሎ የሚሸጥ አለ። ብዙ እናቶች የተፈጨ ላለመግዛት የሚምሉት ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚኖር ዘመድ የሚጠብቀውም «የእናቴ» የሚለውን ነው፤ በሻንጣ ጥግ በላስቲክ ተደራርቦ የሚሄደው በርበሬ የማን እጅ እንዳለፈበት የሚታወቅ ነው።

እጁ ደግሞ ሥራ አለው። ዛላው ይቀነጠሳል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በሙቀጫ ይሸከሸካል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ ተወቅጦ ይደለዝበታል፤ ታፍኖ ያድራል፤ እንደገና ይሰጣል። ከዚያ ኮረሪማውና አዝሙዱ ታምሶ ይገባበትና ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ጎረቤት የሚጠራበት፣ ወሬ የሚያልቅበት፣ ዓይን የሚያለቅስበት ሳምንት ነው።

ገጠሩ ቤት ግን ከመቀንጠሱ በፊት አንድ ሌላ ሥራ አለ። ለቀማው ሲጀመር፣ ገና ተክሉ ጉልበት ሳለው፣ እመቤቲቱ በማሳው ውስጥ ትዘዋወራለች። ያልታመመ ግንድ ትፈልጋለች፤ ፍሬ ያበዛውን፤ ከዚያም ላይ ትከሻው የሰፋውን፣ ቀለሙ ከላይ እስከ ታች እኩል የበሰለውን ዛላ ትቀጥፋለች። በክር ሰክታ ከምድጃው በላይ ከቋሚው ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ ጭሱ ነቀዝ ያባርርለታል። ከዚህ አይበላም፣ አይሸጥም፤ ጎረቤት ዘር ካጣ ግን ሁለት ዛላ ይሰጠዋል፤ በዚያችው ሁለት ዛላ የአንዱ ማሳ ጠባይ ወደ ሌላው ማሳ ይሻገራል።

መጋቢት ሲገባ፣ የችግኝ መደቡ ተቆፍሮ ሣር ሲታጨድለት፣ ክሩ ይወርዳል። ጥላሸት ለብሷል። እመቤቲቱ አንዱን በጣቷ ታጥፈዋለች፤ ቀጭ ይላል፤ ፍሬው በመዳፏ ላይ ይረግፋል።